አባቴ ሳይጠሩ የገቡበት ፈተና

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ የጥምቀት እንግዶች ከጎንደር ወጥተው ባለቁበት ሰሞን ነው። እዚያው ጎንደር፣ ፒያሳ በሚገኝ አንድ የጥብቅና ቢሮ የምሠራ የሕግ ባለሙያ ነኝ። ችሎት ቆሜ «የክስ ማመልከቻው ይነበብ» ሲባል ያ ቀን ትዝ ይለኝና ሳቅ ያፍነኛል። አንድ ጊዜማ ዳኛዋ «ምን የሚያስቅ ነገር አገኘሽ?» ብለውኝ የምገባበት ጠፋኝ። እንግዲህ ተናግሬው ይውጣልኝ።

ቤታችን ቁስቋም ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ። ግቢያችን ውስጥ ለእንግዳ የምናከራያቸው ሁለት ክፍሎች አሉ። ያን ሰሞን አንደኛውን የያዘችው ዮአና የምትባል ሩማንያዊት ነበረች። ተራራ ልትጎበኝ መጥታ ወደ መካነ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ከበቅሎ ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ዞሯል። ሐኪሙ ሦስት ሳምንት እንዳትረግጥበት አዘዛት። እሷ ግን የምታለቅሰው ለእግሯ አልነበረም።

ዮአና የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ለመሆን ከእንግሊዝኛ ወደ ሩማንኛ የምትተረጉምበትና የሕግ ቃላት የምትጠየቅበት የቃል ፈተና ነበረባት። አንዴ ወድቃለች። ይህ ሁለተኛውና የመጨረሻው ነው፤ ከዚህ በኋላ አይፈተኑም። ቀኑ ደግሞ እግሯ ታስሮ እኛ ቤት በምትቀመጥባቸው ሦስት ሳምንታት ውስጥ ዋለ። ፈታኞቹ በኢንተርኔት እንድትፈተን ፈቀዱላት። ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን እንድትሆንና ማንም እንዳይረዳት ግን አጥብቀው አስጠነቀቁ። ረዳት ከተገኘባት ትሰረዛለች።

«ባለፈው ምን ጣለሽ?» አልኳት።

«ዘመዶቼ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንግሊዝኛ የፖለቲካና የሕግ ቃላት ብዙዎቹ ከሩማንኛ ጋር ዝምድና አላቸው። እኔን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ደም ያስተፋኝን ቃል እሷ ገና ስታየው ታውቀዋለች። ችግሩ አንዳንዱ ዘመድ መልኩ እንዳለ ሆኖ ጠባዩ ተቀይሯል። ባለፈው ፈተና «እስረኛው በመጨረሻ ይፈታል» የሚለውን «እስረኛው ምናልባት ይፈታል» ብላ ተረጎመችው፤ የእንግሊዝኛው «ኢቨንቹዋሊ» በእሷ ቋንቋ «ምናልባት» ነዋ! ምስኪን እስረኛ! ከዚያ ወዲያ የምታውቀውንም ቃል መጠራጠር ጀመረች። ስትጠራጠር ደግሞ ትረሳለች።

ሰማንያ አራት ቃላት መርጠን ወረቀት ላይ ጻፍን። ከሥራ ስመለስ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን እናጠናለን። ወረቀቱን ታያለች፣ ታጉተመትማለች፣ ትረሳለች፣ ጸጉሯን ትነጫለች።

በሦስተኛው ቀን የአባቴ ትዕግሥት አለቀ።

«ምነው፣ ይች ልጅ ወረቀት ስታይ ልታረጅ ነው እንዴ?» አሉኝ። «ትምህርት በዓይን አይገባም፤ በጆሮ ነው የሚገባ። በይ ወረቀቱን ተቀበያት!»

ዮአና አባቴን ትወዳቸዋለች። የአገሯ ሰው ኦርቶዶክስ ስለሆነ እሷም ማማተብ ታውቃለች። አባቴ ይህን ሲያዩ ስሟን «ዮሐና» ብለው አስተካከሉላት፤ እሷም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ትላቸዋለች። ወረቀቱን ያለ ክርክር አስረከበችኝ።

አባቴ እንግሊዝኛ የሚባል አይችሉም። ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ቃላቱን አንድ በአንድ አስነበቡኝ። «እነዚህ ቤት ይመታሉ፣ አብረው ይቀመጡ» እያሉ ቅደም ተከተሉን ገለባበጡት። ኮንስቲቲዩሽን፣ ሌጂስሌሽን፣ ጁሪስዲክሽን በአንድ ወገን ሆኑ። ፓርላመንት፣ አሜንድመንት፣ ጀጅመንት፣ ኢንዳይትመንት በሌላ ወገን። ለእያንዳንዱ ወገን ዜማ አወጡለት። የቤተ ክርስቲያኑን አይደለም፤ «ይኸ ለዓለማዊ ነገር ይበቃል» ብለው ከራሳቸው ያፈለቁት ነው።

ከዚያ ጀምሮ ግቢያችን የቆሎ ተማሪ ቤት ሆነ። አባቴ ይነግራሉ፣ ዮአና ተቀብላ ትመልሳለች። በአንድ እግሯ ቆማ፣ አባቴ ባዋሷት አሮጌ መቋሚያ ተደግፋ፣ ወገቧን እያወዛወዘች «ኮንስቲቲዩ—ሽን!» ስትል ጎረቤት ሁሉ በአጥሩ ላይ አንገቱን ያሰግጋል። አንዲት ቃል ከዘለለች አባቴ መሬቱን በመቋሚያ ይመቱና «አጎደልሽ! ከራሱ!» ይላሉ። እሷም ከመጀመሪያው ትነሣለች። እኔ ሆዴን ይዤ ወደ ጓዳ እሮጣለሁ።

በሳምንቱ ዮአና ሰማንያ አራቱንም ያዘች። ጉዱ ግን አባቴም መያዛቸው ነው። የአንዱንም ትርጉም አያውቁም፤ ምን ማለት ነው ብለውም አልጠየቁም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ኔትወርክ የሚገኘው ሳሎን መስኮቱ ሥር ብቻ ነው፤ እሱም መስኮቱ ሲከፈት ይሻላል። ዮአናን ኮምፒውተሯ ፊት አስቀምጠን በሩን ዘጋን። እኔ ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ የግቢውን በር እጠብቃለሁ። አባቴ በውጭ በኩል መስኮቱ ሥር ካለው መደብ ላይ ተቀመጡ፤ ሥራቸው ዶሮዎቹን ማባረር ነው።

«አባዬ፣ በማርያም፣ ድምፅ እንዳያሰሙ» አልኳቸው።

«እኔ ምን አገባኝ!» አሉ ተቆጥተው።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ራሰ በራ ሰውዬ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በሰላም አለፈ። ከዚያ ሰውዬው በእንግሊዝኛ ጠየቃት። ዐቃቤ ሕግ በከባድ ወንጀል ክሱን ዘርዝሮ ለፍርድ ቤት የሚያቀርብበት ጽሑፍ ምን ይባላል?

በለሆሳስ ዜማውን ሰማሁት። «ፓርላመንት፣ አሜንድመንት፣ ጀጅመንት…» ቆመች። እንደገና ከራሱ ጀመረች። እዚያው ላይ ቆመች።

ወደ አባቴ ዞር አልኩ። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨምድደዋል። ዕድሜ ልኩን ያስተማረ ሰው፣ ተማሪ ፊቱ ሲገታ ዝም በል ቢሉት ከየት ያመጣዋል? በሁለት እጄ ምልክት ሰጠኋቸው፣ ጣቴን አፌ ላይ አደረግሁ። ምን ዋጋ አለው!

«ኢንዳይትመ—ንት!»

ጣሪያው ላይ የነበሩ ርግቦች በሙሉ ተነሡ።

ከውስጥ የሰውዬው ድምፅ መጣ፤ ማነው እዚያ ያለው የሕግ ባለሙያ? ዮአና ባለሙያ አይደለም፣ እንግሊዝኛም አይችልም ብላ መለሰች። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ይህን ቃል ከየት አመጣው? አስገቢውና እንየው አላት።

ዮአና «የኔታ!» ብላ ጮኸች። ድምፅዋ የለቅሶ ነበር። በቃ፣ ተሰረዘች አልኩ። በሩን ከፍቼ አባቴን ይዤ ገባሁ።

አባቴ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉትን ሦስት ፊቶች አዩና ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ሰውዬው በእንግሊዝኛ «ጌታዬ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አላቸው። እኔ ላስተረጉም አፌን ስከፍት አንደኛዋ ሴትዮ እጇን አንሥታ ከለከለችኝ። እሳቸው ራሳቸው ይመልሱ።

አባቴ ትንሽ አሰቡ። ሦስት መምህራን ተሰይመው ሲጠይቁ ነገሩ ምን ሊሆን ይችላል? ገባቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከራሱ ጀመሩ።

«ኮንስቲቲዩ—ሽን! ሌጂስሌ—ሽን!…»

ሰውዬው «እናመሰግናለን» አለ። አባቴ ቀጠሉ። ሴትዮዋ «ይበቃል» አለች። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ የተጀመረ ዜማ ከመኻል አይቋረጥም። ያ ሰውዬ ዕድሜያቸውን ጠየቃቸው፣ «ኢሚዩኒቲ» የሚል መልስ አገኘ። ሰማንያ አራቱንም፣ አንድ ሳያጎድሉ፣ እየተወዛወዙ ጨረሱና «ተፈጸመ» ብለው ቆሙ።

አሁን እንዳስተረጉም ፈቀዱልኝ። «እነዚህ ቃላት ትርጉማቸው ምንድን ነው ብለሽ ጠይቂያቸው» አሉኝ፤ ጠየቅኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ!» አሉ አባቴ። «ትርጓሜውን እሷን ጠይቋት፤ እሷ እኮ ናት ተፈታኟ። እኔ የያዝኩት ዜማውን ነው።»

ይህን ስተረጉም አንደኛዋ ሴትዮ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን መጥረግ ጀመረች። ሌላዋ ከወንበሯ ጎንበስ ብላ ጠፋች። ራሰ በራው ከንፈሩን ነክሶ ትንሽ ታገለ፤ ከዚያ እሱም ተሸነፈ። ዮአና ግን አልሳቀችም። ፊቷ ነጭ ወረቀት መስሎ ውሳኔውን ትጠብቃለች።

ለመመካከር ድምፃቸውን ዘጉ። አምስት ደቂቃ ነው አሉ፤ ለእኔ ዐቢይ ጾም ያህል ረዘመብኝ። ሲመለሱ ጥያቄው ተሰርዞ በምትኩ ሁለት አዲስ እንዲጠይቋት ወስነው ነበር፤ መስኮቱ ግን ይዘጋ። እኔ አባቴን ይዤ እስከ አጥሩ ጥግ ሄድኩ። ቢጨንቀኝ ነጠላዬን ጆሯቸው ላይ አደረግሁባቸው።

ዮአና ሁለቱንም መለሰች።

ውጤቱ በአምስተኛው ቀን መጣ። አለፈች! እኔ እልል አልኩ፤ እሷ በሽተኛ እግሯን ረስታ ዘለለችና «ዋይ!» ብላ ተቀመጠች፤ ቁጭ ብላም መሳቋን አላቆመችም። አባቴ ብቻ ፊታቸው አልፈታም።

«ስንት አጎደለች?» አሉኝ።

«አንድ ብቻ፣ ያችኑ ኢንዳይትመንትን።»

«እንግዲያው መቼ አስመሰከረች? አንድ አጉድላ ከእኔ ቤት አትወጣም።»

ዮአና ይህን ስተረጉምላት አልተከራከረችም። የአውሮፕላን ቲኬቷን በአንድ ቀን አራዘመች። በማግስቱ ጠዋት ከአባቴ ፊት ቆማ ሰማንያ አራቱንም ከራሱ እስከ ጫፉ ወረደችው። ኢንዳይትመንት ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለፈችው። አባቴ ተነሥተው እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑና «ሸጋ! አስመስክረሻል። የሰማሽውን በልቡናሽ ያሳድርብሽ» አሏት። ውጤቷን ስታይ ስትስቅ የነበረችው ሴት አሁን እንደ ሕፃን አለቀሰች።

እውነቱን ልናገር፤ ቀናሁ። እኔ በዲግሪ ስመረቅ አባቴ መጥተው አጨብጭበዋል፣ ፎቶም ተነሥተናል። እጃቸውን ግን እንዲህ ራሴ ላይ አልጫኑልኝም።

«አባዬ፣ እኔስ?» አልኳቸው።

«ቁሚ» አሉኝ።

ቆምኩ። ሃምሳ ምናምነኛዋ ቃል ላይ ደርሼ ተገታሁ። አባቴን አየኋቸው፤ አባቴም አዩኝ።

«ምነው አያቀብሉኝም?»

«ፈተና ላይ ማቀበል ክልክል ነው» አሉ። «ሦስቱ መምህራን ነግረውኝ የለም?»

ይኸው ዓመት አለፈ። የጥብቅና ፈቃድ አለኝ፣ ችሎት እቆማለሁ፣ አንዳንዴም እረታለሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግን አባቴ ፊት እቆማለሁ። እስካሁን የደረስኩት ሰባ ዘጠኝ ነው፤ ሰማንያኛዋን ለመያዝ ግን የምቸኩል አይመስለኝም፤ እሑዶቹን ወድጃቸዋለሁ።