የቦኖው ቁልፍና የለቅሶ ቤቱ ውሃ

ከጉርድ ሾላ በላምበረት

ቅዳሜ ንጋት ላይ ከጉርድ ሾላ ተነሳሁ። በኮንዶሚኒየማችን ግቢ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል፤ ሟቹ ሦስተኛ ፎቅ ይኖር እንደነበር ጥበቃው ነገረኝ። ነፍስ ይማር ብዬ አለፍኩ። የምሄደው ወደ ታናሽ እህቴ ወደ ተዋበች ነበር። ከደብረ ብርሃን ማዶ ባለች ትንሽ ከተማ የሰፈሩን ቦኖ ቁልፍ ለዓመታት የያዘችው እሷ ናት። ዛሬ ነዋሪው ቁልፉን ሊቀማት ይሰበሰባል።

ከላምበረት በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሸኖ ላይ የገብስ ቆሎ ገዛሁ። ብርዱ በመስኮት ይገባል፤ ገብሱ ታጭዶ ክምሩ እዚህም እዚያም ቆሟል። አጠገቤ የተቀመጡት ነጋዴ የት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ዘመድ ጥየቃ አልኳቸው፤ ሌላ አልጨመርኩም።

ስብሰባው

ቦኖው ደርቋል፤ ጀሪካኖቹ ግን ወረፋቸውን እንደያዙ ተደርድረዋል። የሆነውን ተዋበች መንገድ ላይ ነገረችኝ። በሰፈሯ ሰው ሞቶ ለቅሶ ቤት የመጣው ሰው ብዙ ስለነበር ቦኖውን ከሰዓቱ አሳልፋ ክፍት ተወችው። ማጠራቀሚያው ተራቆተ። እሱን ለመሙላት ፓምፑ ያለ ዕረፍት ሲሠራ የጉድጓዱ ውሃ ሸሸና ፓምፑ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ከወንዝ ይቀዳል።

አዳራሽ እንደገባን የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ከበደ ለሰው ዕድል ሰጡ። ሙሉ የምትባል የላይ ሰፈር ሴት ብድግ አለች።

«ለሞተው አዘንሽለት፤ እኛ በቁማችን ምን በደልንሽ?»

አንዳንዱ ሳቀ።

«ለቅሶ ቤት ላይ ቦኖ አልዘጋም» አለች እህቴ፤ «ዛሬም ቢሆን።»

ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሰብሳቢው ፓምፑ ሲጠገን ቦኖውን ማን ይረከባል ቢሉ ሰው ሁሉ አቀረቀረ። በኋላ «የተናገረች ትያዝ» ተባለና ለሙሉ ሰጧት። ሙሉ ቁልፉን እያገላበጠች አየችው። ከዚያ ወደ እህቴ ዞረች።

«እትዬ ተዋቡ፣ ነገ ሰው ቢሞት እኔ ምን ላድርግ?»



«ከኔ ድርሻ አንድ ጀሪካን ውሰጂ» አለቻት እህቴ። «ከዚያ በየበሩ ሂጂ።»

ከእንግዲህ የለቅሶ ቤት ውሃ ከየቤቱ የቦኖ ድርሻ ይዋጣ ተባለ። ሙሉ ቀድማ እጇን አወጣች።

 ማታ ራት ስንበላ የእህቴ እጅ እየሄደ መቀነቷን ይዳስሳል።

መልስ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገባሁ። ውሃ የለም፤ ተራችን ገና ነው። እኛ ግቢ ውሃ ሲጠፋ ሰው ወደ ውሃ ቢሮ ይደውላል፣ ከዚያ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። እኔም እንደዚያው ነኝ።

የለቅሶ ድንኳኑ አልተነሳም። ሞልቼ ካስቀመጥኳቸው ጀሪካኖች ትንሹን ይዤ፣ በየፎቁ እያረፍኩ ደረጃውን ወረድኩ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ተቀበለችኝ።

የሟቹን ስም ጠየቅኳት።