የወንድሜ ያልሆነው አጥንት

አዲስ አበባ፣ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ የጥንት ሰዎችን አጥንት እመረምራለሁ። ያን ጊዜ በእጃችን የነበሩት ከገነተ ማርያም በላይ ካለ ዋሻ የወጡ፣ ብዙ ሽህ ዓመት የቆዩ አጥንቶች ናቸው። የውስጥ ጆሮን የከበበውን ጠጣር አጥንት እንፈጫለን፤ ከዱቄቱ ዲኤንኤ አውጥተን ሰዎቹ በየት በኩል ወደዚህ አገር እንደገቡ እንፈልጋለን። ዋሻው ብርዳም ስለነበር ዲኤንኤው ቆይቶልናል።

ላሊበላ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ ይህን በደስታ ነገርኋት። ታናሽ ወንድሜ በጦርነቱ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

"አጥንት የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል በይኛ" አለች።

"እናቱ ካለች፣ አዎ።"

"እኔ አለሁ።"

ሙጃ አጠገብ፣ ከገደል ስር ጎርፍ ያወጣውን የሰው አጥንት አንድ ሽማግሌ ቄስ በነጠላ ጠቅልለው እንዳስቀመጡ ሰምታለች። ከወረዳው ደብዳቤ አጽፈን ሄድን። ቄሱ ነጠላውን ሲፈቱ እናቴ መንጋጋውን ፈለገች፤ የወንድሜ የታች ጥርሱ ሸራፋ ነበር። መንጋጋው ግን የለም። ከአጥንቱ ናሙና ወስጄ፣ የእናቴንም ጉንጭ ከውስጥ በጥጥ ጠርጌ ተመለስሁ።

አጥንቱ ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበት ነውና መጀመሪያ ምንም አልወጣውም። አለቃዬን ለምኜ ደገምሁት፤ ወጣ። ከእናት ብቻ ወደ ልጅ የሚወርደው የዲኤንኤው ክፍል ከእናቴ ጋር አይገጥምም። ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥሁ አለቀስሁ። ተደስቼ ይሁን ከፍቶኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በስልክ የሚነገር አልነበረምና ተሳፍሬ ሄድሁ።

"እሱ አይደለም፣ እማዬ።"

"የማን ነው ታዲያ?"

"እናቱ ካልመጣች አይታወቅም።"

"የጥንቱን ሰው መንገድ ታውቂያለሽ። የትናንቱን ልጅ አታውቂም።"

አጥንቱን ልናስቀብር ሙጃ ተመለስን። ቄሱ ለፍትሐቱ የክርስትና ስም ጠየቁ። እናቴ የወንድሜን ስም ልትሰጥ አፏን ከፍታ ተወችው፤ ብትሰጥ የገዛ ልጇን መቅበሯ ነው።

"አባ፣ ስሙን እግዜር ያውቀዋል ይበሉ" አለች።

እንደዚያው ተቀበረ።

አሁን አጥንት ተገኘ በተባለ ቁጥር ትሄዳለች። ባለፈው ሳምንት ኮን ድረስ ሄዳ፣ የፍየል ነው አሏት። "ለማንኛውም እይው" ብላ ቁራጩን በሰው ላከችልኝ።