ጠርሙሱን የሰጠኋት እኔ ነኝ

ጠጅ መጣል የለመድኩት ከእናቴ ነው። ለመድኩ ስል ግን አስቀምጣ አስተምራኝ አይደለም፤ አጠገቧ ቆሜ እያየሁ ነው። ማሩን በእጇ እየበጠበጠች ጣቷን ቀመስ ታደርግና «ውኃ ጨምሪ» ትለኛለች፤ እጨምራለሁ፤ በቃ። አንድ መሥሪያ ቤት የላከው ወጣት አስተባባሪ ቦንጋ ቤቴ ድረስ መጥቶ «እትዬ፣ ሥራ ለሌላቸው ሴቶች የአምስት ቀን ትሬኒንግ ይስጡልን» ሲለኝ ወዲያው እሺ አልኩ። እጄ የሚያውቀውን አፌ መናገር እንደማይችል የገባኝ እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ቤት መዋል ሰልችቶኝ ስለነበር ተፈልጌ መጠራቴ ደስ አሰኘኝ። ሳምንቱን ሙሉ ማርና ውኃ በጆግ እየለካሁ፣ የጌሾውን እንጨት እየቆጠርኩ፣ ሁሉን በደብተር ስጽፍ ሰነበትኩ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ መምህር ልባል ነው።

ስድስት ሴቶች መጡ። ጓሮዬ ባለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ዝናቡ ከላይ እየደበደበው፣ እየጮኽኩ አስተማርኩ። ጋን እንዴት እንደሚታጠብና በወይራ እንደሚታጠን፣ ማሩ በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ ሰፈፉ እንዴት እንደሚለይ አሳየኋቸው።

ከስድስቱ አንዷ ከደካ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች፣ አርባ ዓመት ያልሞላት ሴት ነበረች። የምትመላለሰው ቦንጋ ካለችው እህቷ ቤት ነው። ባሏ ቀፎ ሊሰቅል ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ ገመዱ ተበጥሶ ወድቆ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ልጅ አልወለዱም። የቀረላት እሱ በየጫካው የሰቀላቸው ቀፎዎችና ከሞቱ በፊት የቆረጠው ማር ብቻ ነው። አማርኛዋ ቀስ ያለ ነው፤ ቃሉን መጀመሪያ በአፍ መፍቻዋ በካፊኖኖ አስባ፣ አገላብጣ አይታ የምታወጣው ይመስላል።

የመጀመሪያ ቀን ማሩን በሳህን አዙሬ አስቀመስኳቸው። እሷ አልቀመሰችም፤ አሸተተችና «እትዬ፣ ይሄ የአንድ ቦታ ማር አይደለም» አለች። «ነጩ ጥሩ ነው። ሌላ ማር ግን ገብቶበታል።»

ማሩን ከሺሺንዳ ያስመጣሁት ንጹሕ ነጭ ማር ነው ተብዬ ነበር። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ልቤ ግን ቅር አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ እጇን ባወጣች ቁጥር ሌላ ስሕተት ልታወጣብኝ ነው ብዬ እፈራ ጀመር። ከሁሉ የበለጠች ተማሪዬ መሆኗ ደግሞ ይታየኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጌሾውን ቀቅለን ጨመርን። የጋኑን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነን ክዳኑን ጫንበት። «በየቀኑ ከፍታችሁ ታማስሉታላችሁ። ከዚያ ጥርቅም አድርጋችሁ መክደን ነው» አልኳቸው። «ዝንብ ከገባበት ይኮመጥጣል፤ ልፋታችሁ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።»

እጇን አወጣች። «ጋን የሌለው ሰውስ እትዬ? በጠርሙስ ይሆናል?»

አስተባባሪው ለሪፖርቱ ፎቶ ሊያነሳን በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ነጠላዬን እያስተካከልኩ «ይሆናል፣ ይሆናል። ዋናው በደንብ መክደን ነው» አልኳትና ለፎቶው ቆምኩ።

ጠጅ ሲፈላ ይተነፍሳል። በጨርቅ የተሸፈነ ጋን ትንፋሹ የሚወጣበት አለው፤ ጥብቅ ተደርጎ የተከደነ ጠርሙስ ግን የለውም። ይህን አላውቅም ነበር ብል ውሸቴን ነው። ድሮ አንድ ጊዜ ለመንገድ ብዬ ያልበሰለ ጠጅ በጀሪካን ሞልቼ፣ ክዳኑን ስፈታው ግማሹ ኮርኒሱ ላይ ተረጭቶ ነበር። በደብተሬ ላይ ግን አልጻፍኩትም። ስትጠይቀኝም ትዝ አላለኝም፤ ወይም እንዲታወሰኝ ጊዜ አልሰጠሁትም።

በአምስተኛው ቀን ሰርተፊኬት ታደለ። ልትሰናበተኝ ስትመጣ ከጓዳ ሁለት ወፋፍራም ትልልቅ ጠርሙሶች አውጥቼ ሰጠኋት፤ ክዳናቸው በመጠምዘዝ የሚጠብቅ ነው። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ እህቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች፣ በዝናብ በስብሳ ደጄ ቆመች። የሞተ ሰው ያለ መሰለኝ።

«ምነው? ማን ነው?» አልኳት።

«እህቴ ናት። ጠርሙሱ ፊቷ ላይ ፈነዳ። ጅማ ወስደናታል።»

የጠርሙሱ አንገት ጠባብ ስለሆነ በእንጨት ማማሰል አልቻለችም። ስለዚህ በየቀኑ እንደተከደነ አንስታ ትንጠው ነበር። ያን ቀን ጠዋት ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ስታየው ነው እጇ ላይ የተበተነው።

በማግስቱ ጅማ ሄድኩ። ሐኪሞቹ ግራ ዓይኗን አትርፈውላታል፤ ቀኙ ጠፍቷል። ፊቷ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ጣቶቿም ተሰፍተው አገኘኋት። ድምፄን ስትሰማ ልትነሳልኝ ሞከረች።

«ተኚ፣ ተኚ እህቴ።»

«እትዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ። «ማሩ በዛ? ጠርሙሱን በደንብ አላጠብኩትም?»

ይህን ጥያቄ መንገድ ላይ ሳስበው ነው የመጣሁት። መልሱን በአፌ ይዤው ነበር። በአጠገቧ ያሉ በሽተኞችም አስታማሚዎችም የሚያዩኝ መሰለኝ።

«ምንም አላጠፋሽም» አልኳት። «ጠርሙሱ አሮጌ ነው፤ ስንጥቅ ኖሮት ይሆናል። አንዳንዴ እንዲህ ያጋጥማል።»

«ያጋጥማል» አለች ቃሉን እንደማጥናት ብላ።

ቦንጋ ስመለስ አስተባባሪው ወረቀት ይዞ ጠበቀኝ። ለሠልጣኞች በቂ የጥንቃቄ ትምህርት መሰጠቱን የሚገልጽ ነው። «ፎርማሊቲ ነው እትዬ፤ ለፋይል ነው» አለኝ። ፈረምኩ። እስክሪብቶው እምቢ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ነው የጻፍኩት።

ከወራት በኋላ እህቷን ገበያ አገኘኋትና እንዴት ናት አልኳት። መሬት መሬት እያየች ነገረችኝ። የሟች ባሏ ወንድም «ማሬ መጠጥ አይሆንም ብሎ ሟቹ ነው ዓይኗን ያጠፋው» እያለ በየሰዉ ቤት አስወርቷል። እሷም ሌላ ምክንያት ስላላገኘች አምናለች። የቀረውን ማር አውጥታ ደፍታዋለች። ቀፎዎቹንም እንዲወስዳቸው ለዚሁ ሰው በሽማግሌ ፊት ለቃለታለች።

«እትዬ ግን ስንጥቅ ነው ብለዋት ነበር አይደል?» አለችኝ እህቷ።

«ብያት ነበር።»

«እሱማ ስንጥቁን ያመጣው ማን ነው ይላል።»

በዚያው ሳምንት ወደ ደካ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ ከደካም ጭቃውን እየረገጥኩ በእግሬ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የእንሰት ቅጠል ታዘጋጃለች። አንገቷን ወደ ቀኝ ዞር አድርጋ አየችኝ፤ እንደዚያ ካላዞረች በስተቀኝ የቆመ ሰው አይታያትም።

ሳልቀመጥ ነገርኳት። ትንፋሹን፣ ክዳኑን፣ ድሮ ጀሪካኑ ያደረገኝን ሁሉ ነገርኳት።

«ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ሆስፒታል ስጠይቅዎትስ?»

«ያኔም አውቅ ነበር።»

ቅጠሉን አስቀምጣ ተነሳች። «ይምጡ፤ ለእሱም ይንገሩት» አለችኝ።

የባሏ ወንድም ቤት ጎረቤቶች ተሰብስበው አገኘን። እሱ አማርኛ ብዙም አይሰማም። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር በተናገርኩ ቁጥር በካፊኖኖ የምትተረጉመው እሷ ናት። ጥፋቴን በእሷ አፍ፣ በማላውቀው ቋንቋ፣ ቃል ሳይጎድል ሲነገር ሰማሁት። ቃል እንዳልጎደለ ያወቅኩት አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ቀና ብለው ፊቴን ስላዩኝ ነው።

ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ከቦንጋ ድረስ ስለመጡ አመሰግናለሁ አለ። ቀፎው ግን አንዴ በሽማግሌ ፊት ተሰጥቷል አለ።»

ልከራከር አፌን ስከፍት ክንዴን ያዘችኝ፤ የጣቶቿ ጠባሳ በልብሴ ላይ ሆኖ ተሰማኝ። ይዛኝ ወጣች።

መንገዱ ድረስ ሸኘችኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ግን ያን ብላት እሺ ለማለት የምትገደድ መሰለኝና ተውኩት። መለያያው ላይ ቆመች።

«እንኳን ነገሩኝ እትዬ» አለች። «እሱ የጠላኝ መስሎኝ ነበር።»

ባሏን ነው። ያን ሁሉ ወር፣ የሞተው ባሏ ዓይኗን ያወጣ መስሏት ነው የኖረችው።

«ከእንግዲህ ግን አይምጡ» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም። ዞራ ሄደች፤ እኔም ወደ አውቶቡሱ ወረድኩ።

አስተባባሪውን ያ ወረቀት ይመለስልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ለመንኩት፤ ፋይሉ ወደ በላይ ተልኳል አለኝ። እህቷን አልፎ አልፎ አገኛትና ስለ እሷ እጠይቃለሁ። ቀፎዎቹ አልተመለሱላትም። ቆጮ ገበያ እያወጣች ትኖራለች። የግራ ዓይኗም እየደከመ ነው አሉ።