የቀይ እስክሪብቶ አመል

ተማሪዎቿ «ቀይ እስክሪብቶ» ይሏታል። ታውቃለች። ስሙን ያወጣላትን ልጅም ታውቀዋለች፤ ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው አንድም ፊደል ስላልሳተ ምራዋለች።

እንግሊዝኛ ስታስተምር ሸበተች፤ እግሯም ዛለ። የሱቅ ማስታወቂያ ታርማለች፣ የመድኃኒት መመሪያ ታርማለች፤ የሠርግ መጥሪያ ሲደርሳት እንኳ ቀኑን ከማየቷ በፊት ስህተቱን ታከብበታለች። አመል ያወጣል ከመሃል ይባል የለ? እሷንም ከገዛ ልጇ ለያት።

ልጇ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። መውለዷን በስልክ የጻፈችላት በእንግሊዝኛ ነበር፤ እናቴን ደስ ይበላት ብላ። እናት ሆዬ ደስታዋ ወሰን አጣ፤ እጇ ግን የለመደውን ሠራ። መልእክቱን አርማ መልሳ ላከችው። «እንኳን ደስ አለሽ» ማለቱን ለቀጣዩ አቆየችው። ቀጣይ የሚባል አልመጣም፤ ልጅቷ ስልክ ማንሳት ተወች። የልጅ ልጇን እስከ ዛሬ አላየችውም፤ ናፍቆቱ አንገብግቧታል።

ዛሬ ጠዋት ክፍል ውስጥ «ሬክቲፋይ» የሚለው ግስ ላይ ደረሱ።

«ለተሰበረ ወንበር አንጠቀምበትም» አለች ጠመኔዋን ይዛ። «ወንበር ይጠገናል። ይሄኛው የሠራነውን ስህተት ወደ ትክክለኛው መንገድ መመለስ ነው። ማቃናት በሉት።»

ከፊት የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሰው ላስቀየምንበት ነገርም ይሆናል?»

«ዓረፍተ ነገሩ ልክ ይሆናል» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ በእንግሊዝኛ ግስ ይታሽ ይሆን?

ከሰዓት በኋላ መምህራን ክፍል ጫማዋን አውልቃ ስታርም ስልኳ ጮኸ። የልጇ መልእክት ነው። በባዶ እግሯ ብድግ አለች። ደህና ነን፣ ልጁ አድጓል፣ በእረፍትሽ መጥተሽ እዪው ይላል፤ በእንግሊዝኛ። ደግማ አነበበችው። እስክሪብቶውን መቼ እንዳነሣችው አታውቅም። አንድም ስህተት የለውም፤ ነጠላ ሰረዙ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል። ልጇ ደግሞ ነጠላ ሰረዝ በቦታው አስገብታ አታውቅም።

ለአማቿ ደወለች።

«አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ ያረምኩት» አለ ሰውዬው አፍሮ። «ስትጽፍ ስትሰርዝ ነው የዋለችው። ‹ስህተት ካለው አልልክም› ብላ።»

«የመጀመሪያውን ላክልኝ ልጄ። እሷ የጻፈችውን፣ እንዳለ።»

ከወዲያ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል።

«አጥፍታዋለች እማማ።»