እትዬ የሺመቤት ያላሉት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለሰው ነግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም፣ አብሬያቸው ለምጸልይ እህቶችም አልነገርኩም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የነፍስ አባት የለንም፤ ኃጢአታችንን በቀጥታ ለጌታ እንናገራለን። እኔ ግን ለጌታም የነገርኩት በደፈናው ነው። "የበደልኩትን ሁሉ ይቅር በለኝ" እላለሁ፣ አሜን ብዬ እነሳለሁ። በደሌን ስሙን ጠርቼው አላውቅም። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ዛሬ ስጠራው ስሙኝ።

አንዲት አቅም ያጡ እናት የሚደርስባቸውን ሲናገሩ፣ እኔ ቃላቸውን ለውጬ ተረጎምኩ።

ወደ ናይሮቢ ተሰድጄ በመጣሁ ሰሞን ሩንዳ በሚባል ሰፈር አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሥራ አገኘሁ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ሣሩ የተከረከመ፣ በረንዳው ሁልጊዜ የተወለወለ። ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ገና ከበሩ ልቡ ያርፋል። የሥራ ፈቃድ አልነበረኝም። ማትሮን የምንላት የቤቱ ኃላፊ ይህን እያወቀች ቀጠረችኝ፤ የቀጠረችኝም አማርኛ የሚናገር ሰው ስላስፈለጋት ነው። እትዬ የሺመቤት እዚያ ነበሩ።

እትዬ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የውጭ አገር ስልክ የሚያገናኙ ኦፕሬተር ነበሩ። ልጃቸው ዳዊት እዚሁ ናይሮቢ፣ ጊጊሪ በሚገኝ አንድ የእርዳታ ድርጅት ስለሚሠራ፣ አባቱ ሲሞቱ እናቱን እዚህ አመጣቸው። ብዙም ሳይቆዩ ስትሮክ መታቸው፤ እሱ ደግሞ ወደ ጁባ ተመደበ። ሕመሙ ቀኝ ጎናቸውን ያዘው፣ እንግሊዝኛቸውን ከአንደበታቸው ወሰደው፣ አማርኛቸውን ግን እየተጎተተም ቢሆን ተወላቸው። ሠራተኞቹ አሮጊት ሁሉ ለእነሱ "ሾሾ"፣ አያት ማለት፣ ስለሆነ እሳቸውንም እንደዚያው ይጠሯቸዋል። "ሾሾ ማን ናት? ስም አለኝ እኮ" ይሉኝ ነበር። ስልኬን ሳነሳ ሲሰሙኝም ያርሙኛል። "ሄሎ ሄሎ ምንድን ነው? ሰው ጠርቶሽ ነው፤ አቤት በይ።" እወዳቸው ነበር። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። እየወደድኩ ነው ያደረግኩት።

በዚያ ቤት ከሰዓት በኋላ ውሃ አይሰጥም ነበር። ከጠጡ አልጋ ያረጥባሉ፣ ካረጠቡ አንሶላ ይበዛል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። ብድግ ለማለት የሚሞክረው ደግሞ ከወንበሩ ጋር በአንሶላ ይታሰራል። "እንዳይወድቁ ብለን ነው" ትላለች ማትሮን። ሌሎቹ ብቻ አደረጉት ብል ይቀለኝ ነበር። እኔም አስሬአለሁ። በወንበሩ ጀርባ በኩል የቋጠሩት እጆች እነዚህ ናቸው። እትዬ ውሃ ሲሉኝ "እሺ እትዬ፣ አሁን አመጣለሁ" እላቸውና ሳልመለስ እቀራለሁ። ከመቀመጥ ብዛት ወገባቸው ላይ ቁስል ወጣ። አየሁት። ሽታውንም አወቅሁት። ጁባ ላለው ልጃቸው በስልክ "ደህና ናቸው፣ በርትተዋል" ያልኩትም እኔ ነኝ።

አንድ ቀን የቤቱ ደንበኛ ሐኪም ስለታመመ በእሱ ምትክ አንዲት ወጣት ዶክተር መጣች። እትዬን አገላብጣ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ቁስሉን አየች፤ ከዚያ የእጃቸውን አንጓ ያዘችና እዚያ ላይ ያለውን ሰንበር ወደ ብርሃን አዙራ ተመለከተችው። ማትሮን በሩን ተደግፋ ቆማለች።

"ጠይቂልኝ" አለችኝ ዶክተሯ በእንግሊዝኛ። "ይህ ምልክት ከምን መጣ? የሚያስራቸው ሰው አለ?"

ጥያቄውን በትክክል ተረጎምኩት። እስከዚያ ድረስ ታማኝ ነበርኩ።

እትዬ ዶክተሯን እያዩ ቃል በቃል፣ እያረፉ መለሱ። "ያስሩኛል። በአንሶላ። ውሃ ስለምን ይከለክሉኛል። ቁስሌን ማንም አያጥበውም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺም ታውቂያለሽ፣ ልጄ። ንገሪያት።"

ክፍሉ ውስጥ ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዶክተሯ ትጠብቀኛለች። ማትሮን ትጠብቀኛለች።

"መታጠቢያ ቤት ወድቄ ነው ይላሉ" አልኩ። "አንዳንዴ ደግሞ ነገር ይምታታባቸዋል።"

ከአፋቸው የጠፋ ቋንቋ ከጆሯቸውም የጠፋ መስሎኝ ነበር። አልጠፋም። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳይነቅሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ "እንዲህ አላልኩም፣ ልጄ" አሉ።

"ምን አሉ?" አለች ዶክተሯ።

"ደክሞኛል ነው የሚሉት" አልኳት።

የመጀመሪያውን ድንጋጤ ነው ልበል። ሁለተኛውስ? ስህተቴን ከራሳቸው አፍ ሰምቼ፣ የምመለስበት በር ተከፍቶልኝ ሳለ፣ እኔው ዘጋሁት። ማን አስገደደኝ? ማትሮን አንዲት ቃል አልተናገረችም። ማን አስፈራራኝ? ዶክተሯ ስትወጣ እስከ መኪናዋ የሸኘኋት እኔ ነኝ፤ ከበረንዳው እስከ መኪናው ሰው አልነበረም። መኪናዋን ከፍታ ቆም አለችና "የምትነግሪኝ ነገር አለ?" አለችኝ። "የለም፣ ዶክተር" አልኳት። ሥራዬን ፈራሁ፤ ያለ ወረቀት ወደ መንገድ መውጣትን ፈራሁ። ፍርሃቱ እውነት ነው። ግን ወንበር ላይ የታሰሩት እሳቸው ነበሩ፣ እኔ አልነበርኩም።

ወደ ቤት ስገባ ማትሮን ትከሻዬን ነካ አድርጋ "አሳንቴ" አለችኝ። አመሰገነችኝ።

ከዚያ በኋላ እትዬ አላናገሩኝም። ጸጸቴን የማቃልል መስሎኝ ከሰዓት በኋላም ውሃ ማምጣት ጀመርኩ። በግልጽ፣ በትልቅ ብርጭቆ፣ ማትሮን እያየችኝ። ማንም አልከለከለኝም። ይህ ነው ዛሬም የሚያንገበግበኝ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሳላመጣ የቀረሁት ውሃ ላምጣው ብል ይመጣ ነበር። እትዬ ውሃውን ይጠጣሉ፣ ብርጭቆውን ይመልሳሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

ቁስሉ አመረቀዘ፣ ትኩሳት ያዛቸው፣ ሆስፒታል ገብተውም አልተነሱም። ዳዊት የደረሰው ዓይናቸውን ከከደኑ በኋላ ነው።

ለቅሶው ላይ ቤቱ በወገን ተሞልቶ ሳለ ዳዊት ከተቀመጥኩበት አስነሳኝ። "እኔ በሌለሁበት እናቴን እንደ ልጅ የጦረችልኝ ሰብለ ይህቺ ናት" ብሎ ለሰዉ አሳየኝ። ትላልቅ ሰዎች መረቁኝ። አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ። በኋላ ብቻዬን ሲያገኘኝ "እማዬ መጨረሻ ላይ ምን አለች?" ብሎ ጠየቀኝ።

"መረቁህ" አልኩት። አልመረቁትም። ለእኔ የነገሩኝ የመጨረሻ ቃል "እንዲህ አላልኩም" የሚለው ነው፤ እኔ ደግሞ ከሞቱም በኋላ ያላሉትን አስባልኳቸው።

ከዚያ ቤት ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል። አሁን ወረቀትም፣ የተሻለ ሥራም አለኝ። መጦሪያ ቤቱ ግን ዛሬም ክፍት ነው፤ ማትሮንም እዚያው ናት። ባለፈው እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ አንዲት እህት ያዘችኝ። "አባቴን ላስገባቸው ነው፤ አንቺ ሠርተሽበታል አሉኝ። እንዴት ያለ ቤት ነው?"

"ጥሩ ቤት ነው" አልኳት።

ሳላስበው ነው የወጣኝ። ውሸቱ አፌ ውስጥ ተኝቶ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሁርሊንግሃም ሳልደርስ ወረድኩና መንገዱ ዳር ቆሜ ደወልኩላት። "አባትሽን እዚያ እንዳታስገቢ" አልኳት።

"ለምን? አሁን ጥሩ ነው አላልሽኝም?"

"ዋሽቼሽ ነው። ሰው ያስራሉ። እኔም አስሬአለሁ። ሌላውን ከአንቺ በፊት መስማት ያለበት ሰው አለ።"

ስልኩን ዘጋችው።

ሰኞ፣ አሁን ናይሮቢ ተመልሶ የሚኖረው ዳዊት ጋ ደወልኩ። ድምፄን ሲሰማ ደስ አለው። ከፈቀድክልኝ ቅዳሜ ልምጣ፣ ስለ እናትህ የምነግርህ አለኝ አልኩት። "ምን ፈቃድ ያስፈልግሻል፣ አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ" አለኝ። እናቱ ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግረዋለሁ። ከፈለገ ከእኔ ጋር፣ ካልፈለገም ብቻዬን፣ ማትሮንን ብቻ ሳይሆን ራሴንም ከስሼ አረጋውያንን ወደሚመለከተው የመንግሥት ቢሮ እሄዳለሁ። የሥራ ፈቃዴን ቢነጥቁኝ ይንጠቁኝ።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም። ይቅር ማለት ይችሉ የነበሩት ሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዳዞሩ ሄደዋል። ዳዊትም ይቅር ይበለኝ ብዬ አልለምነውም። "ቤተሰብ ነሽ" ያለኝን ቅዳሜ መልሶ ይወስደዋል። ይውሰደው፤ ከመጀመሪያውም የእኔ አልነበረም።