ዋንቃን የዋኘው ሙሽራ

መምህር ሙላው ጣሰው የተወለደው ስማዳ ቆላ ውስጥ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዝ ከገበያም ከደብርም ከሚቆርጠው አገር ነው። አባቱ በተነፋ አቅማዳ ሰውና ሸቀጥ የሚያሻግሩ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸውንም ገና የወተት ጥርሱ ሳይነቀል ውሃ ውስጥ ጣሉት። እናቱ ደረታቸውን እየደቁ ሲጮኹ ሙላው ከውሃው ብቅ አለና «እንደገና!» አለ ይባላል።

ሲጎለምስ ደብረ ታቦር ተማረ፤ ከዚያም መምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. የስፖርት አስተማሪ ሆኖ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ተመደበ። ሲመጣ አንድ የቆዳ ሻንጣ፣ አንድ ኳስና ባንገቱ የተንጠለጠለ ፊሽካ ይዞ ነበር። የለበሰው ግን ቁምጣ ነው። የከተማው ሰው የመንግሥት ሠራተኛ በቁምጣ ሲሄድ አይቶ ስለማያውቅ «ምስኪን፣ ሱሪውን መንገድ ላይ ገፈውት ይሆናል» ብሎ አዘነለት። እማሆይ ወለተ ሚካኤል የሚባሉ ደግ ባልቴትማ የሟች ባላቸውን ተነፋነፍ ሱሪ አጥበው አመጡለት። ሙላው እጅ ነሥቶ ተቀበለ፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚስመው ያንን ለብሶ ሆነ።

የመጀመሪያው ትምህርቱ ከሥራ ሊያስባርረው ምንም አልቀረው። ልጆቹን ሣር ላይ አሰልፎ «በጭንቅላታችሁ ተገልበጡ!» ቢላቸው ግማሾቹ ተገለበጡ፤ ግማሾቹ ቁልቁለቱን ተንከባለው አጥሩ ሥር ተከመሩ። በዚያ ሲያልፉ የነበሩት ባላምባራስ ቢሻው፣ ከወንዝ ማዶ ያለው አገር ባለርስት፣ በቅሏቸውን ገቱ።

«አንተ ልጅ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ሰውነታቸውን እያጎለመስሁ ነው፣ ባላምባራስ።»

«ልጄን ፊደል ይቁጠር ብዬ ሰደድሁት እንጂ እንዳህያ ይንከባለል ብዬ ነው? አህያስ ቢሆን ጭነቱን ካራገፈ በኋላ አይደል የሚንከባለለው!»

ሙላው ሳቁን መዋጥ አቃተው። ባላምባራስ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና እሳቸውም ሳቁ፤ በመሳቃቸው ተናደው በቅሏቸውን ኮልኩለው ሄዱ።

በዚያው ክረምት በከተማው አጠገብ የሚያልፈው የዋንቃ ወንዝ ሞልቶ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎችን ወሰደ። ሙላው ይህን የሰማ ዕለት እህል አልቀመሰም። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ «መዋኘት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ፤ በነጻ አስተምራለሁ» ሲል ተናገረ። ወዲያው ክርክር ተነሣ። በሰንበት መዋኘት ሥራ ነው ወይስ አይደለም? የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ሲያደምጡ ቆዩና «ሥራ ከሆነ ደሞዙ የታለ?» አሉ። ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ።

ውሃው እስኪጎድል ድረስ ትምህርቱ የተሰጠው በደረቅ መሬት ነው። ሙላው የትምህርት ቤቱን አግዳሚ ወንበሮች ሜዳ ላይ ደርድሮ፣ ሰዉን በሆዱ አስተኝቶ፣ እጅና እግሩን እንደ እንቁራሪት ያስወነጭፈው ጀመር። ገበሬው ወርቁ ከወንበሩ ጋር ተገልብጦ «ሰጠምሁ! ያዙኝ!» ብሎ ቢጮኽ፣ ደረቅ ሣር ላይ ሊያድኑት ሦስት ሰዎች ተወረወሩ። የሚማረው ትንሽ፣ የሚስቀው ብዙ ነበር፤ ግን የሚስቀውም በየሳምንቱ ቀረብ፣ ቀረብ እያለ መጥቶ በመጨረሻ ወንበር ይሻማ ጀመር።

ጥቅምት ላይ ውሃው ሲጠራ ወረዱ። ሙላው በየብብታቸው ቅል አሰረላቸውና ፊሽካውን እየነፋ «አንድ! ሁለት!» አለ። ሰዎቹ አንዱ ካንዱ እየተጋጩ ውሃ ይጠጣሉ። ዳር ቆመው የሚያዩት መሪጌታ መታገሥ አልቻሉም።

«ተው እንጂ፣ መምህር! ሰው እንደ ወታደር እየተቆጠረለት እንዴት ይንሳፈፋል?»

«ታዲያ እንዴት ላድርግ፣ የኔታ?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከፍ፣ ዝቅ እያደረጉ፣ ወገባቸውን እያዘነበሉ፣ በዝግታ ማዜም ጀመሩ። ዜማው ሲረዝም የሰዉ እጅ ተዘረጋ፤ መቋሚያው መሬት ሲመታ ተሰበሰበ። ወርቁ መዋኘቱን ሳያውቅ ዋኝቶ፣ ቋጥኝ ግንባሩን ሲመታው ነው ማዶ መድረሱን ያወቀው። መሪጌታ ይህን ሲያዩ ጥምጥማቸውን ፈተው ድንጋይ ላይ አኖሩና ከነእጀ ጠባባቸው ገቡ። ነጭ ጢማቸው ውሃው ላይ ተዘርግቶ፣ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አንጋጠው «ግሩም ውእቱ!» አሉ።

ከማዶ ውሃ ልትቀዳ የምትወርድ አንዲት ልጅ ይህን ሁሉ ታይ ነበር። ካሣነሽ ትባላለች፤ የባላምባራስ ቢሻው ልጅ ናት። እንስራዋ ከሞላ በኋላ ደፍታ እንደገና ትሞላዋለች፤ ቶሎ ላለመመለስ ነው። አንድ ቀን ሙላው ጠልቆ ብቅ ሲል ድምፅዋን ሰማ።

«መምህር፣ ዓሣ ያዙ ወይስ ዓሣ ያዘዎት?»

ሙላው ሊመልስ አፉን ቢከፍት ዋንቃ ገባበት። ሳለ፣ አነጠሰ፣ ተንፈራገጠ፤ የዋና አስተማሪው በተማሪዎቹ ተጎትቶ ወጣ። ካሣነሽ እንስራዋን ታቅፋ እስክታለቅስ ሳቀች።

ብዙም ሳይቆይ መሪጌታ ካሣነሽን ለሙላው ሊጠይቁ ሽማግሌ ሆነው ባላምባራስ ቢሻው ቤት ሄዱ።

«ያ የሚንከባለለው ነው?» አሉ ባላምባራስ።

«እሱ ነው።»

ባላምባራስ «ሳቁን ወድጄለታለሁ። በዚያ ላይ ልጅቱ እንስራ እየደፋች ወንዙን ልትጨርሰው ነው» አሉና ሰርጉ ለግንቦት ተቆረጠ።

የሰርጉ ለት ንጋት ላይ ግን በጉና ተራራ ራስጌ ዝናብ ወርዶ ኖሮ፣ ሙሽራውና አጃቢው ከበሮ እየመቱ ወንዙ ዳር ሲደርሱ ዋንቃ ደፍርሶ ያገሣል። ማዶ ዳሱ ይታያል፤ የወጡ ሽታ ወንዙን ተሻግሮ መጥቷል፤ መንገድ ግን የለም። ባላምባራስ እጃቸውን አፋቸው ላይ ከበው ጮኹ።

«ሰርጉ ለሳምንት ይተላለፍ!»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ታንጉት ከጎናቸው ሆነው ከሳቸው በላይ ጮኹ። «ምን ሲደረግ! ጠላው ይሆመጥጣል! ወጡስ?»

ሙላው ወንዙን ወደ ታች ተከትሎ ሄደና ውሃው ሰፍቶ ጉልበቱ የሚበርድበትን ቦታ መረጠ። ግንድ ወርውሮ አካሄዱን አየ። ከዚያ አዲሱን ኮቱን፣ ሱሪውንና ክራቫቱን አውልቆ አቅማዳ ውስጥ ከተተና አናቱ ላይ አሰረ። ሚዜዎቹ ሁሉ ተማሪዎቹ ነበሩ፤ እነሱም ልብሳቸውን አናታቸው ላይ አሰሩ። ወርቁ የጠፍር ገመድ ወገቡ ላይ ታጠቀ። መሪጌታ ከዳር ሆነው፣ ከውሃው ጩኸት በላይ፣ ዜማውን ለቀቁት።

ሙሽራውና ሚዜዎቹ ውሃው ውስጥ ገቡ። አናታቸው ላይ ጥቅል የተሸከሙ ራሶች ባንድ ዜማ እየወጡ፣ እየወረዱ፣ ውሃው ወደ ታች እያንሸራተታቸው ሄዱ፣ ሄዱና አንድ የባቄላ ማሳ ሥር ደረሱ። እልልታው ያን ጊዜ ፈነዳ። አንዱ ሚዜ ግን ጥቅሉ ተፈትቶበት ሱሪው ወደ ዐባይ መንገድ ጀምሮ ነበርና፣ ሰርጉን የዋለው የወይዘሮ ታንጉትን ኩታ አገልድሞ ነው።

ተበላ፣ ተጠጣ። ውሃው ግን አልጎደለም፤ ሙሽሪት ደግሞ የግድ መሻገር አለባት። ወርቁ የታጠቀውን ገመድ ይዞ ተመልሶ ዋኘና ከዳር እዳር ካሉት ዛፎች ላይ ወጠረው። ሙላው የባላምባራስን የጠፍር አልጋ አስወጣና ከሥሩ ቅሎችና የተነፉ አቅማዳዎች አስሮ ውሃው ላይ አኖረው። ወይዘሮ ታንጉት ይህን ሲያዩ «ልጄን ካልጋ ጋር ልትጨርሷት ነው!» ብለው ጮኹ።

«እማማ፣» አለች ካሣነሽ ቀሚሷን ሰብስባ እየወጣች፣ «ከበቅሎ ሰው ይወድቃል። አልጋ ላይ ተቀምጦ የሞተ ግን አላየሁም።»

በወጉ አባት ሙሽሪት ልጁን ተከትሎ እንደማይሄድ ባላምባራስ ያውቃሉ። አልጋው ከዳር ሲለቅ ግን ልባቸው አልቻለምና ከነካባቸው ዘለው ወጡበት። አልጋው ወደ አንድ ወገን ዘመመ፣ ተሽከረከረ፣ ውሃው እስከ ጉልበታቸው ደረሰ። መጀመሪያ ማርያምን ጠሩ። መሐል ሲደርሱ፣ ልጃቸው አጠገባቸው ስትስቅ፣ ዋናተኞቹ ገመዱን ይዘው በዜማ ሲስቧቸው አዩና ፍርሃቱ የት እንደ ገባ ጠፋቸው። አልጋው ላይ ተንበርክከው ፎከሩ፦

«ዘራፍ! የቢሻው ልጅ ድልድይ የማትለምን! ዘራፍ! ቢሻው በአልጋ የሚሻገር!»

ከዚያን ቀን በኋላ ሴቶቹም መማር ፈለጉ። ካሣነሽ ራሷ ከሙላው ተምራ፣ ዛፍ በከለለው የላይኛው ኩሬ የአገሩን ሴት ታስተምር ጀመር። በዚያ መሻገሪያ ሰው ተወሰደ የሚል መርዶ ከዚያ ወዲህ አልተሰማም። ባላምባራስ ግን መዋኘት አልተማሩም፤ አልጋ ይመርጡ ነበር።

በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. መምህር ሙላው ወደ ንፋስ መውጫ ተዛወረ። እዚያ ንፋስ እንጂ የሚዋኝበት ውሃ የለም። ሰዎቹ «አሁንስ ምን ልታደርግ ነው?» ቢሉት አካፋ ፈለገ። ከትምህርት በኋላ ተማሪው፣ ወላጁ፣ ነጋዴው እየተጋገዘ ሰፊ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ክረምቱ ሞላው፤ ከሰው ሁሉ ቀድመው እንቁራሪቶች ገቡበት። በመስከረም ፀሐይ ከተማው ተሰብስቦ ዳር ቆመ። ውሃውን በጣቱ የነካ ሁሉ ጣቱን ብብቱ ውስጥ ይሸሽጋል፤ ሙላው ፊሽካውን ቢነፋ፣ ቢነፋ የሚገባ ጠፋ።

ወይዘሮ ካሣነሽ ነጠላዋን ለልጇ ሰጠችና ዘለለች። ብቅ ስትል ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ ፊቷ ግን በፈገግታ ተሞልቶ ነበር።

«ሞቃት ነው! ግቡ!» አለች።

ያመኗት ሁሉ ተከታትለው ገቡ። ጩኸታቸው እዚያው አገር ካለው የቤተ ልሔም ደብር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።