ስንቁ በር ላይ የዋለ ዕለት

የወሰዱኝ ወረታ ካለው ቤቴ፣ ከአልጋዬ ላይ ነው። ምክንያቱ በመምህራን ስብሰባ ላይ የተናገርሁት ነገር ነበር። ከሌሎች እስረኞች ጋር ያሰሩኝ የሩዝ መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ገለባው ተጠርጎ ቢወጣም ብናኙ ከግድግዳው አልለቀቀም፤ ስንተኛ ጉሮሯችን ይገባል።

ያኔ የጨጓራ ካንሰር ታምሜ ነበር። ባሕር ዳር ያየኝ ሐኪም፣ “እባጩ ከጨጓራሽ ግድግዳ አልፏል። አሁን ቀዶ ጥገና ብናደርግ ሁሉም አይወጣልንም። መጀመሪያ በኬሞ መድኃኒት እናሳንሰው” ብሎኝ መድኃኒቱን በደም ሥሬ መውሰድ ጀምሬ ነበር። የመጨረሻው ዙር ሲቀረኝ ታሰርሁ።

መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ነገር አያስነካም። የብረቱን በር ስገፋ ጣቶቼን ኤሌክትሪክ እንደያዘኝ ያደርገኛል። ውኃ ቀዝቅዞ ከጠጣሁ ጉሮሮዬ ይታነቃል። ይህን ያስተዋሉት አንዲት በዕድሜ የገፉ የይፋግ ሴት ናቸው። በርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን አሰሯቸው። የምጠጣውን ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርገው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ያስቀምጡልኛል።

“እትዬ፣ አይድከሙ” ስላቸው፣ “ምን ሥራ አለኝ? ስለ ልጄ ከማሰብ ይሻለኛል” ይላሉ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ብርድ ብርድ አለኝ። እትዬ ግንባሬን ዳሰሱ።

“እሳት ሆነሻል” አሉኝ።

ሐኪሙ ትኩሳት ከመጣብሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ነዪ ብሎኝ ነበር፤ መድኃኒቱ ሰውነቴን ስላዳከመው ቀላል ኢንፌክሽንም ሊገድለኝ ይችላል። ይህንኑ ለጠባቂዎቹ አለቃ ነገርሁት።

“እዚህ ሆዱን የማያመው የለም” ብሎ ፊቱን አዞረ።

እትዬ አልተከራከሩትም። የስንቅ ሰዓት ሲደርስ ጠባቂው ዘመዶቻችን ያመጡትን ምሳ በር ላይ ደርድሮ ስም መጥራት ጀመረ። መጀመሪያ የተጠሩት እሳቸው ነበሩ። ከተቀመጡበት አልተነሡም።

“እሷ ሐኪም ዘንድ ሳትሄድ እህል አልቀምስም” አሉ፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

ቀጥላ የተጠራችውም አልተነሣችም። ከሷ በኋላ ያለችውም። ከማዶ የታሰሩት ወንዶች ነገሩን ሲሰሙ እነሱም ተቀመጡ። ከአጥር ውጭ የቆሙት ቤተሰቦች ባዶ ሳህን አልመለስላቸው ሲል፣ “ምን ሆኑብን?” እያሉ በሩን ከበቡት። ሰዉ እየበዛ ሄደ።

አለቃው ወጣ። ሰዉን አየ፤ ያልተነካውን ስንቅ አየ።

“መኪና አምጡ” አለ።

ቀዝቃዛው ካቴና ገና ሲነካኝ ጮኽሁ። እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ ቀድደው የእጄን አንጓ ጠመጠሙልኝ። ጠባቂዎቹ ሊደግፉኝ ሲሉ ግን፣ “በእግሬ እሄዳለሁ” አልሁ። ሄድሁም። ከኋላዬ ሴቶቹ ምሳቸውን ሲያነሡ ይሰማኛል።

ባሕር ዳር ስደርስ ሐኪሙ መረመረኝና፣ “ብትዘገዪ ኖሮ አትተርፊም ነበር” አለኝ። ወደ መጋዘኑ እንዳልመለስም ተከራከረልኝ። ትኩሳቱ በረደልኝ። ጠባቂ ከአልጋዬ ግርጌ ተመድቦ የቀረኝን ዙር ጨረስሁ፤ አቅሜ ሲመለስም የቀዶ ጥገናው ቀን ተቆረጠ።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ጧት ጠባቂው፣ “በሽተኛዋ፣ ተነሽ” አለኝ።

“ስም አለኝ” አልሁት።

መምህርት ብሎ ስሜን አስከትሎ ጠራኝ። ያኔ ተነሣሁ።

ከቀዶ ጥገናው ስነቃ ሐኪሙ አጠገቤ ነበር። “መድኃኒቱ እባጩን አሳንሶ ነው ያቆየልን። ያየነውን ሁሉ አውጥተነዋል” አለኝ። አለቀስሁ። ጠባቂውም ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ከሆስፒታል ስወጣ ክስ ሳይቀርብብኝ ለቀቁኝ፤ እትዬ ከእኔ በፊት ተፈትተው ኖሯል።

አሁን አስተምራለሁ። የተረፈኝ ጨጓራ ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ጥቂት እበላለሁ። ያዳነኝ መድኃኒቱና የሐኪሙ እጅ ነው፤ አልክድም። እዚያ ያደረሱኝ ግን እየራባቸው ያልተነሡት ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹን ዳግም አላየኋቸውም።

እትዬን ግን ባለፈው ይፋግ ገበያ አገኘኋቸው። ልጃቸውም በሰላም ተመልሶ ከጎናቸው በርበሬ ይሰፍራል። ክንዴን ጨበጥ አድርገው ለኩኝ።

“ወፍረሻል” አሉኝ።

“ትንሽ ነው እኮ፣ እትዬ።”

“ትንሽም ውፍረት ነው” አሉ፤ እጄን ግን አልለቀቁኝም።